በስሜ የተሣለች ሴት

የራሴን ሥዕል ስጡኝ ብዬ የጠየቅሁት ጠዋት ነው፤ ለምሳ ሰዓት ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ስቆ ጨርሶ ነበር። በወጥ ቤቱ በኩል ሳልፍ አንዷ ዕቃ አጣቢ የመዳብ ድስት ፊቴ ላይ ደቅና «ይኸው ማኤስትሮ ኦርቴንሲዮ፣ እዚህም ውስጥ አሉ! ይዩት እስቲ፣ እንዴት እንደሚያምሩ!» አለችኝ። አየሁት። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ አፍንጫው የድስቱን ሆድ ተከትሎ የተንሻፈፈ። አመስግኜ አለፍኩ።

ሰሞኑን እንዲህ ነኝ። ይስቁብኛል፣ አይሰማኝም። «እግዜር ያጽናህ» ይሉኛል፣ እሱም አይሰማኝም። ባለቤቴ ኦርሶላ ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነው። የሩዙ አጨዳ ሲያልቅ ወባ ይዟት በአምስተኛው ቀን አረፈች፤ እኔ ደግሞ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሁም። ለቀስተኛው እየመጣ ዓይኔን ዓይኔን ያያል፣ ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው በባቄላው ሾርባ ይጽናናል። መጀመሪያ ሰሞን እንባው መንገድ ላይ ነው፣ ዘገየ እንጂ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ። እንባው ሳይደርስ ፊቷ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ካልሲዬን እየሳብኩ አፍንጫዋን ላስታውስ ብሞክር የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት አፍንጫ አገኘሁ። ቅንድቧን ብል የማንም ያልሆነ ቅንድብ መጣልኝ።

በዓለም ላይ አንድ ሥዕሏ አለ። ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስፍናችን መድረክ ላይ ሴት አትደንስም። ሴት አማልክት ግን ሞልተዋል፤ ሁሉም ጢማቸውን የተላጩ፣ ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ናቸው። ጳጳሳችን ሴት እግሯን ካሳየች ወጣቱ ይሰናከላል ይላሉ፤ ቀሚስ የለበሰ ወንድ እግሩን ሲያሳይ ግን ከፊተኛው ወንበር ሆነው ያጨበጭባሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ፎርቱና ነበርኩ፤ በኳስ ላይ በአንድ እግሯ የምትቆመው፣ ዕድል አዳይዋ። በዘጠነኛው ዓመት ልምምድ ላይ ከደመና ወደቅሁ። ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ ደመናው ከእንጨትና ከሸራ ተሠርቶ በገመድ የሚወርድ ነው፣ ገመዱም ተበጠሰ። ግራ ጉልበቴ የደረቀ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ዳንሱ የሚቀርብበት ቅበላ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በቤተ መንግሥቱ ደንብ መደነስ ያልቻለ ዳንሰኛ ከጋጣው በላይ ያለችውን መኖሪያውን በሳምንቱ ይለቃል።

ኦርሶላ የገመድ ላይ ተራማጅ ልጅ ናት። በየገበያው በአየር ላይ አድጋ፣ እኔን ስታገባ ነው መሬት የረገጠችው። ጉልበቴን በጨርቅ ጠፍራ ስታበቃ ቀና አለች።

«ያን ጭምብል ወዲህ በለው።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልደንስልህ ነዋ። ቁመታችን እኩል ነው። ያንተ ትከሻ ጠባብ፣ የኔ ሰፊ። ጭምብል ከለበስን ማን ይለየናል?»

«ብንያዝ አንቺን አደባባይ ላይ ይገርፉሻል። እኔን ደግሞ መርከብ ላይ አስረው ሲያስቀዝፉኝ ይኖራሉ።»

«በዚህ ጉልበትህ?» አለች። «አይቀበሉህም።»

አራት ቅበላ ደነሰች። እኔ ካባዬን ደርቤ እያነከስኩ መልበሻ ክፍል እገባለሁ፤ እሷ ለብሳ ትወጣለች፤ እኔ የልብስ ሣጥን ውስጥ እገባለሁ። ጭብጨባውን የምሰማው በሣጥኑ ክዳን ስንጥቅ ነው። በዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን ዝና በአራት ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቼ አገኘሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ጎንበስ ማለት ለመድኩ፤ ሣጥኑ ወገቤን ስለሚያጎብጠው አላስቸገረኝም።

የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ማኤስትሮ ባልዳሳሬ ሲሆን፣ ልብስ ከመሰፋቱ በፊት እያንዳንዱን ዳንሰኛ በላባ ብዕር ይነድፍ ነበር፤ ቡናማ ቀለሙን ከጭስ ማውጫ ጥላሸት ራሱ ይበጠብጥ ነበር። አምና ለፎርቱና አዲስ ልብስ ታዘዘና ሳያንኳኳ ገባ። ኦርሶላ ጭምብሉን ወደ ፀጉሯ ገፍታ፣ ባዶ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ አይብ ትበላለች። እኔ የሣጥኑን ክዳን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ሽማግሌው እሷን አየ። እኔን አየ። መልሶ እሷን አየ።

«ማኤስትሮ ኦርቴንሲዮ» አላት እሷን፤ «አይንቀሳቀሱብኝ። እግርዎን እንደዚያው ይያዙልኝ።»

ኦርሶላ አይቡን እንደ ጎረሰች ቀጥ አለች። ሠዓሊው ያየውን ሣለ፤ አዲሱን ቀሚስ ከራሱ ጨመረበት፤ ፊቷን ግን ፊቷን አድርጎ ተወው። ከሥሩ የእኔን ስም ጻፈ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነሰበት፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳይተነፍስ በበጋው ሞተ። ወረቀቱ በቤቱ ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊው ሐሩን አየ፣ ላባ ሠሪው ላባውን አየ፣ ጸሐፊው ስሙን አየ። ሴት ያየ አልነበረም።

ስለዚህ «የሚስቴን ሥዕል ስጡኝ» ማለት አልችልም። «የራሴን ሥዕል ስጡኝ» ነው የምለው።

ከምሳ በኋላ የአልባሳት ግምጃ ቤት ሹሙ ሲኞር ፖምፒሊዮ አስጠራኝ። ሰፊ ሰው ነው፤ ሆዱም ልቡም ሰፊ፤ ቁልፎቹ ከወገቡ ላይ እንደ በግ ቃጭል ይንኳኳሉ።

«ና ግባ! ና የኔ ቆንጆ!» አለ። ሁለቱ ጸሐፊዎቹ ብዕራቸውን ነከሱ። «ስማ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ሳገለግል ቀሚስ የለመነኝ አለ፣ ጫማ የሰረቀኝ አለ። የራሱን እግር ሥዕል ስጡኝ ያለኝ ግን ከአንተ በቀር አላየሁም።»

«ለማስታወሻ ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ማስታወሻ? እግሮችህ እዚሁ አሉ አይደል እንዴ!» ወደ ጉልበቴ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ… ገባኝ። በማርያም ገባኝ። ዘንድሮ ልምምድ ላይ አይቼሃለሁ። አምና እኮ ላባ ነበርክ፣ ላባ! አሁን ግን… ሐዘን ነው። ሐዘን እግር ላይ ይወርዳል። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔም ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር።»

«አዎ፣ ጌታዬ» አልኩ። 

ትልቁን የቆዳ መዝገብ ዘረጋው። «ፎርቱና፤ ማኤስትሮ ኦርቴንሲዮ፤ 1660» ይላል፣ በሚያምር ጽሕፈት። ከጽሕፈቱ በላይ አንድ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ አጥንት የሌለው ፍጥረት በአንድ እግሩ ቆሟል። እግሮቹ ሁለት ዓሣ ይመስላሉ። ፊቱ ነጭ ጭምብል ነው።

«ይሄ የማኤስትሮ ባልዳሳሬ እጅ አይደለም።»

«አይደለማ! ግልባጭ ነው። ዋናው ምን ይመስል እንደነበር አይተኸዋል? የሰፊው የእጅ ቅባት፣ የላባ ሠሪው ልኬት፣ መሐሉ ተጣጥፎ የቆሸሸ… መስፍኑ እንግዳ ፊት በሚገልጡት መዝገብ ውስጥ እሱን ላስገባ? አስገለበጥነው። ባልዳሳሬም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርጅቶ ነበር፤ ጭምብሉን ሳይሥል ረስቶታል። ገልባጩ አስተካከለው።»

«ከጭምብሉ ቦታ ምን ነበር?»

«ምንም። ፊት ነበር።»

«ዋናውስ የት ደረሰ?»

ሲኞር ፖምፒሊዮ ሕግ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተገለበጠ በኋላ ዋና የሚባል ነገር የለም። ንጹሑ ዋና ይሆናል፤ የቆሸሸው ተራ ወረቀት ነው። ተራ ወረቀት ደግሞ ወደ ሞና ላውዶሚያ ይሄዳል። ደንባችን ነው።» ከዚያ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ። «ከፈለግህ ይህንኑ ላስገልብጥልህ? እግሩን ትንሽ ቀጠን አድርገን?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያስፈልግም» አልኩ።

ሞና ላውዶሚያ ጭምብል ሠሪያችን ናት። ጭምብል የሚሠራው ከውራጅ ወረቀት ነው፤ ተቀዶ፣ በዱቄት ሙጫ ተነክሮ፣ በእንጨት ፊት ላይ ተደራርቦ ይለጠፋል። ከቦዩ ዳር ያለው ሥራ ቤቷ ስገባ ከወንዙ የተነሳው ጉም ተከትሎኝ ገባ። ስልሳ ያለፋት ባልቴት ናት፤ ክርኗ ድረስ ሙጫ በሙጫ ሆና ወረቀት ትቀድዳለች።

«በሩን ዝጋው፤ ሥራዬ አይደርቅልኝም። መልክህን ፍለጋ መጣህ? ወሬው ቀድሞህ ደርሷል፣ አንተ ውብ።»

«ከግምጃ ቤት የመጣልሽ ወረቀት…»

«ስንተኛው ጆንያ?»

«አንድ ሉክ ነው። ዳንሰኛ ያለበት፤ አንድ እግሩን ያነሳ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከግድግዳው ምስማር አዲሱን የፎርቱና ጭምብል አወረደች። አሮጌውን አይጥ ስለበላው የታዘዘ ነው፤ ከሳምንት በፊት ለእሱ ፊቴን ለክታኛለች። «ይኸው። ትናንት ደረቀልኝ። ያ ወረቀትህ ከድሮ ሸሚዝ የተሠራ ጥሩ ወረቀት ነበር። የሙግት ወረቀት ለጉንጭ ይሆናል። የፍቅር ደብዳቤ ወዲያው ይላላል፣ ጆሮ አካባቢ ነው የምለጥፈው። እንዲህ ያለውን ጠንካራ ግን በሁሉም ቦታ ጣል ጣል አደርገዋለሁ። ይሄ አሥር ዓመት ይኖራል፤ ከጉልበትህ ይበልጣል።»

ጭምብሉን ገለበጠችው። የውስጥ ሆዱ በሙጫ ያብረቀርቃል። ግራ ጉንጩ ላይ፣ በቡናማ ቀለም የተሣለች አንዲት ባዶ እግር አለች። አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ፈንጠር ብላለች፤ ገመድ ስትቆነጥጥ ያደገች እግር። አወቅኋት። አወቅኋትና የሚመጣውን ነገር ጠበቅሁ። የመጣው የሙጫ ሽታና ብርድ ነበር።

«ሌላውስ?» አልኩ።

«ሌላው ምኑ?»

«ፊቱ።»

«እኔ ወረቀት እዳስሳለሁ እንጂ አላይም። ቀድጄ እለጥፋለሁ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ አንዱ ወደ ውጭ። አራት ሽፋን ነው። አንዱ ጋ አለልህ።»

«ቢነከር አይላቀቅም?»

«ገንፎ ይሆናል።»

 ሙጫው ድስቱ ውስጥ ተክ ተክ ይላል። ሞና ላውዶሚያ አንድ ወረቀት አንስታ በረጅሙ ቀደደች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ካልፈለግህ አትመልስልኝ። አራት ዓመት በተከታታይ አሮጌውን ጭምብል እያመጣህ ጉንጩ ሰፋኝ፣ በጥጥ ሙዪልኝ ትለኝ ነበር። ዘንድሮ ስለካህ ግን ጉንጩን አስፊው አልክ።»

ወደ ሙጫው ድስት ዞርኩ።

«ወፍረህ ነው» አለች ራሷ። «ሐዘን አንዳንዱን ያወፍረዋል።»

«አዎ፣ ወፍሬ ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።» ቁራጭ የተልባ እግር ጨርቅ አንስታ ሆዱ ላይ ለካች። «በዚህ ለብጬ ወደ ግምጃ ቤቱ እልከዋለሁ።»

«ተይው፣ አትለብጪው።»

«አብደሃል እንዴ? ይሄ የባልዳሳሬ ጥላሸት ነው፣ ላብ አይችልም። አንዴ ከደነስክበት አለቀ።»

«ተይው፣ ሞና ላውዶሚያ።»

ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችው። ወደ እኔ ሳትዞር «ጎበዝ ነበርክ አምና» አለች። «በጣም ጎበዝ ነበርክ።»

ጭምብል የመስፍኑ ንብረት ነው። አሮጌውን አይጥ ከበላው ወዲህም ከታሸገው ሣጥን የሚወጣው ለሚደንሰው ሰው፣ በሚደንስበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የቅበላው መጨረሻ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ውጭ ፀሐይ እያለ መስኮቱን ዘግተው ሻማ ሲያበሩ፣ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብዬ የጭምብሉን ሆድ አየሁ። ከዚያ አጠለቅሁት። የሚስቴ እግር ጉንጬ ላይ ዐረፈ። በሕይወት ሳለችም አልፎ አልፎ በእንቅልፏ እዚያው ይደርስ ነበር።

የልብስ ሣጥኑን አልፌ ስወጣ ክዳኑ ክፍት ነበር። ባዶ መሆኑን አይቼ አለፍኩ።

ስለ ዳንሱ ብዙ የሚነገር የለም። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ፣ ኳሱ ላይ ወጣሁ። ኳሱ መሬት ላይ የተቸነከረ ግማሽ ኳስ ነው፤ ኦርሶላ ግን ሲንከባለል እንዳዩት የሚምሉላት ነበሩ። በእኔ ሥር ግማሽ ኳስ ሆኖ ቀረ። ቀኝ እግሬን አነሳሁ፣ ከወገቤ አላለፈም። የግራ ጉልበቴ ጮኸ፤ የፊተኛው ወንበር ሰማው። ጳጳሱ በርኅራኄ አጨበጨቡ። ጭምብሉ ውስጥ ትንፋሼ ወደ ራሴ ይመለሳል፣ ሙጫው ይሞቃል፣ ወረቀቱ ይለሰልሳል። እርጥብ ነገር ከጉንጬ ወደ አገጬ ወረደ። ላብ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ላብ ነበር።

መልበሻ ክፍል ገብቼ ጭምብሉን ሳወልቅ ሲኞር ፖምፒሊዮ ቁልፎቹን እያንኳኳ ደረሰ። ሊቆጣ ነበር የመጣው መሰለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አልቅሰሃል!»

«ላብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ተው እንጂ! ከኔ አትደብቀኝ!» ወደ ውጭ ጮኸ፤ «ኑ እዩት! አለቀሰ! ሦስት ወር ሙሉ ድንጋይ ነው ስትሉት የነበረው ሰውዬ አለቀሰ!» አቀፈኝ። ሲለቀኝ ነጩ አንገትጌው ቡናማ ሆኗል። ያለቀሰው እሱ ነበር። ዓይኑን እያበሰ «ስማኝ ወንድሜ» አለ። «በቃ። ከዛሬ ወዲያ አትደንስም። ቁጭ ብለህ ታስተምራለህ። ወንበር እሰጥሃለሁ፣ በዱላ ወለሉን እየመታህ ትቆጥርላቸዋለህ። ቤትህንም የሚነካ የለም። ፎርቱናን ለሌላ ሰው እንሰጣለን፣ ጭምብሉንም ለእሱ።»

አራት ዓመት የተመኘሁት ይሄንኑ ነበር። ከኦርሶላ ጋር አልጋ ላይ ሆነን ስንት ጊዜ ተጫውተንበታል። «ዱላውን እኔ እመርጥልሃለሁ» ትለኝ ነበር፤ «ወፍራም፣ ጳጳስ የሚያስመስልህ።»

ከግድግዳው ላይ ወዳለችው መስታወት ዞርኩ። ግራ ጉንጬ ላይ ቡናማው ወርዷል፣ ተቀላቅሏል። ከዓይኔ ሥር ግን አምስት አጫጭር ጭረቶች ሳይበላሹ ቀርተዋል፤ አንደኛዋ ከአራቱ ፈንጠር ያለች። ጭምብሉን ገልብጬ አየሁ። እግሯ የነበረችበት ቦታ ጭቃ የነካው ይመስላል። ከወረቀቱ ወጥታ እኔ ላይ ነበረች።

«ኧረ ና፣ ፊትህን ላብስልህ፣ እንዲህ ሆነህ መስፍኑ ፊት አትቀርብም» አለ ሲኞር ፖምፒሊዮ። የራሱን መሐረብ በጽጌረዳ ውኃ ነክሮ፣ አገጬን በሌላው እጁ ይዞ፣ እንደ እናት ጠረገኝ። በደንብ ጠረገኝ። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ ተጠረግሁ። መሐረቡን ለጸሐፊው ወረወረና «እጠበው» አለው።

«ጌታዬ» አልኩ።

«ወዬ።»

«የከርሞውን ፎርቱና እኔ ልደንስ።»

«በዚህ ጉልበትህ?»

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። 

«በዚሁ ጉልበቴ።»

«ዛሬ እንኳ ጳጳሱ ስላሉ ነው ሰው ያልሳቀው። ከርሞ ይስቃል።»

«ይሳቅ።»

«ወንበር ልስጥህ እያልኩህ! ዱላ ልስጥህ እያልኩህ!»

«ወንበሩ ለሌላ ይሁን። የፎርቱናን ጭምብል ለሌላ ሰው አይስጡብኝ።»

 ሲኞር ፖምፒሊዮ ራሱን እየነቀነቀ ለጸሐፊው የከርሞውን ስም ዝርዝር አስከፈተ። «ጻፍ፤ ፎርቱና፣ ማኤስትሮ ኦርቴንሲዮ። አንተ ሰውዬ፣ ብዙ ራሱን የሚወድ ሰው አይቻለሁ። እንደ አንተ ያለ ግን አልገጠመኝም።»

ጸሐፊዎቹ ሳቁ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ጎንበስ አልኩ።

ጭምብሉ ወደ ሣጥኑ ተመልሶ ከመታሸጉ በፊት አንድ ሰዓት ተፈቅዶልኝ ሞና ላውዶሚያ ዘንድ ወሰድኩት። ሆዱን አየች፣ ጉንጬን አየች፣ ያን የተልባ እግር ጨርቅ ካጠፈችበት አወጣች። ስትለብጠው ቁጭ ብዬ አየሁ። ከግንባር ጀመረች፤ ወደ አፍንጫው ወረደች፤ ጭቃ የመሰለውን ጉንጭ ሸፈነች፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ተጫነች።

የኦርሶላ ፊት ከአራቱ ሽፋን በአንዱ ውስጥ አለ። ወደ እኔ ይዙር ወይ ወደ ተመልካቹ፣ የለጠፈችው ሴትዮም አታውቅም።